እኩል የተላገ ጣውላ

አናጢውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው፤ ከፊቱም ከኋላውም። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሰው ቤት ሲገባ ከመቀመጡ በፊት ዓይኑ ግድግዳውን ይዞራል፤ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ያቃናል። አንድ ጊዜ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ወረፋ ሲጠብቅ፣ የክሊኒኩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ዘሞ መሰቀሉ አላስቀምጥ ስላለው ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ ነቀለና እንደገና ሰቀለው። ሰሌዳው ተቃና፤ እሱ ግን ተራው አልፎት ከነጥርሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዕድሜውን የፈጀው በር በመሥራት ነው። የእሱ በር አይጮኽም፣ ወለል አይፍቅም፣ ዝናብ ሲመጣ አብጦ አልዘጋም አይልም። ባለ ሁለት ክንፍ በር ሲሠራ ክንፎቹን አጋድሞ ውፍረታቸውን ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ይለካል፤ የፀጉር ያህል ልዩነት ካገኘ እንደገና ይልጋል። ደንበኛው «ኧረ በቃ፣ ይሄን ማን ያየዋል?» ሲለው፣ «እኔ አይቼዋለሁ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ልጆቹንም ያሳደገው በዚሁ ካሊፐር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሚስቱ ስትሞት ወንዱ ስምንት፣ ሴቷ ስድስት ዓመታቸው ነበር። እሱ ራሱ ያደገው ለታላቅ ወንድሙ አዲስ ጫማ ሲገዛ አሮጌውን እየተጫማ፣ ታላቁ ትምህርት ቤት ሲላክ እሱ ዕቃ እየተሸከመ ነው። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዱ አልወጣም። ስለዚህ በልጆቹ መካከል ቅንጣት ታህል ላያበላልጥ ማለ። መሐላውንም ጠበቀ፤ ክፋቱም መጠበቁ ላይ ነው። አልጋቸው እኩል፣ ጠረጴዛቸው እኩል፣ ዳቦ ሲቆርስ እንኳ ሁለቱን ቁራሾች በሁለት እጁ ይዞ ይመዝናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ወርክሾፕ ገብተው የተላገ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ያሻሉ፤ ለእሱ አንድ ክምር፣ ለእሷም ያንኑ የሚያህል ሌላ ክምር።

ወንዱ ሰጋቱራ ውስጥ የተወለደ ይመስል ምንም አይሆንም። ሴቷ ግን ገና ወረቀቱን ሳታነሣ ትስላለች፤ ደረቷ ሲያፏጭ ደጅ ድረስ ይሰማል። «አባዬ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ወንድምሽም እኮ ይደክመዋል፣ እናቴ።» ጨካኝ ሆኖ አይደለም። እሷን ቢያሳርፍ ወንዱን የበደለ እየመሰለው ነው። ወንድሟ አባቱ ዞር ባለ ቁጥር ከእሷ ክምር እያነሣ ወደ ራሱ ይጨምር ነበር። አንድ ቅዳሜ አባት ደረሰበትና ቆሽቱ አረረ። ጠመኔ አምጥቶ ወለሉ መሃል ላይ መስመር አሰመረ፤ ክምሩንም እንደገና እኩል ከፈለው። ከዚያ ወዲያ ወንዱ መስመሩን የሚያልፍ ድፍረት አላገኘም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት እዚያው ወለል ላይ ወድቃ ሐኪም ቤት ገባች፤ በኦክስጅን ነው የተረፈችው። ስትወጣ የአባቷ እህት መጥታ፣ «ይቺን ልጅ እኔ ጋ ነው የምወስዳት፤ ከፈለግህ ተጣላኝ» አለችው። አልተጣላትም። እንዲያውም ነገሩ እኩል እንዲሆን ወንዱንም ትወስደው እንደሆነ ጠየቃት። እህቱ የልጅቷን ልብስ ሸክፋ ይዛት ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እንግዳ ሆነች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ትመጣለች፤ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ጃኬቷን ሳታወልቅ ስለ አየሩና ስለ መንገዱ አውርታ ትሄዳለች። ወርክሾፑን ከመኖሪያ ቤቱ የሚለየው አንድ በር ነው፤ ያንን በር አታልፍም። አባት «አክስቷ ናት ያሞላቀቀቻት» ብሎ ለራሱ ነገረ፤ ለራሱ ሲነግር ደግሞ የሚቃወመው የለም። ሕመሟን አንሥቶ ጠይቋት አያውቅም። በእርግጥ በመጣች ቁጥር «ደኅና ነሽ?» ይላታል፤ እሷም «ደኅና ነኝ» ትለዋለች፤ ይኸው ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልጅቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላት፤ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አንድ ምሽት ደወለች። ያለ ምክንያት ደውላ ስለማታውቅ ድምፅዋን ሲሰማ ሰው የሞተ መሰለው። ማንም አልሞተም። ከከተማው ዳር ባለ የስፖርት ሜዳ በቀስት ዒላማ መምታት መማር ከጀመረች ሰንብታለች። ክለቡ የሚያውሳት ቀስት ለእሷ ክንድ ይከብዳል። አሠልጣኙ ግን ከግንባታ ዕቃ መደብር ጥሩ ጣውላ መርጦ ለመሳብ የማይከብድ ቀስት መሥራት እንደሚቻል፣ ከተማሪዎቹም የሠሩ እንዳሉ ነግሯታል።

«አባዬ፣ ሥራ ካልበዛብህ አብረን ብንሠራውስ?» አለችው።

«አብረን» ያለችውን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ወርክሾፑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። ለእሱ ነገሩ የቀስት ጉዳይ አልነበረም። ልጁ ያንን በር አልፋ ልትገባ ነው። ቀስቱ ካማረ ሌላ ቅዳሜም ትመጣለች፣ ከዚያም ሌላ። በእሱ ቤት ልጁ ልትመለስለት ነው።

መደብሩ አብረው ሄዱ። እሷ አሠልጣኙ የነገራትን በደንብ ይዛለች፤ በጣውላው ፊትና ጎን ላይ የሚታዩት የእንጨቱ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሸሹ መሄድ አለባቸው፤ መስመሩ መንገድ ላይ ወደ ጎን ከወጣ ቀስቱ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። አንጓ ያለበትማ ጭራሽ አይሞከርም። አባት ደግሞ ጣውላውን አንሥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጠርዙ በኩል ይመለከታል፤ መጠምዘዙንና መጉበጡን ነው የሚያየው። እሷ የወደደችውን እሱ ይጥላል፣ እሱ የወደደውን እሷ ትጥላለች። የመደብሩ ሠራተኛ ክምሩን ሲያተረማምሱበት ቆሞ ቆሞ ሲሰለቸው፣ «ለመሆኑ የምትመርጡት ጣውላ ነው ወይስ ሙሽራ?» አላቸው።

ልጅቷ ሳቀች። አባት ሳቋን የሰማው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክሮ አቃተው። ሠራተኛውን በምን እንደሚያመሰግነው ስላላወቀ ያገላበጡትን ክምር ራሱ መልሶ ደረደረለት፤ ጫፍ ጫፉን ሳይቀር አስተካከለ። በመጨረሻ ሁለቱም እጃቸውን ያኖሩበት አንድ ጣውላ ተገኘ፤ ቀላ ያለ፣ ከበድ የሚል፣ መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ። አውቶቡስ ውስጥ አንዱን ጫፍ እሱ ሌላውን እሷ ይዘው፣ ተሳፋሪው እያጉረመረመ በሥሩ ጎንበስ ብሎ እያለፈ፣ ወደ ቤት አመጡት።

በየቅዳሜው ከምሳ በኋላ ልትመጣ ተስማሙ። አባትም ለልጁ ብሎ፣ በሕይወቱ ነገሬ ብሎት የማያውቀውን ሥራ ጀመረ፤ ወርክሾፑን መጥረግ። ከመምጣቷ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መጥረጊያውን ያነሣና ከማሽኖቹ ሥር፣ ከመደርደሪያው፣ ከጣሪያው ማገር ሳይቀር የዓመታት አቧራ ያራግፋል። ስትደርስ ወለሉ ጠርቶ፣ እሱም እጁን ታጥቦ በኩራት ቆሞ ይጠብቃታል። አየሩ ውስጥ ግን የተነሣው ብናኝ ገና አልወረደም፤ በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል። በተኛበት ቢተወው ይሻል የነበረውን አቧራ፣ ልክ ልጁ በምትገባበት ሰዓት ቀስቅሶ ይጠብቃታል። ዕድሜውን ብናኝ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን አለማወቁ ይገርማል፤ ግን አያውቅም፤ እሱን አስሎት አያውቅማ።

ልጅቷ ታውቃለች። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆማ አየሩን አየች፤ ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አየች፤ የአባቷን ፊት አየች። አፍና አፍንጫዋን የሸፈነችበትን ጭንብል አጠባብቃ ገባች። ለእሷ ሲባል በተጠረገ ቤት ውስጥ ቆሞ «መጥረግህ ነው የሚገድለኝ» ማለትን ምን አንደበት ይችለዋል?

የቀስት ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። መሃሉ ላይ ለመጨበጫ የሚሆን እንጨት በኮላ ይለጠፋል። ከመጨበጫው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለቱ ክንዶች እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ወደ ዒላማው የሚዞረው ፊት አይነካም፤ የሚቀነሰው ወደ ተኳሹ ከሚዞረው ሆድ ብቻ ነው። ከዚያ ቀስቱ ግድግዳ ላይ በተመታ ድጋፍ ላይ ይቀመጥና ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረው አውታር በመዘውርና በገመድ ወደ ታች ይሳባል። አንድ ሰው ሲስብ ሌላው ራቅ ብሎ ክንዶቹ እንዴት እንደሚጎብጡ ያያል። አንዱ ክንድ አልጎብጥ ካለ እሱ ላይ ትንሽ ይሞረዳል፣ እንደገና ይሳባል፣ እንደገና ይታያል። የቸኮለ ሰው ማገዶ ነው የሚያተርፈው።

እሷ ትስባለች፣ እሱ ይሞርዳል፣ ይለካል። እየሠሩ ያወራሉ። ኪኒኑ ካለፈው ሳምንት አንሷል እያሉ በየሳምንቱ ስለሚከራከሯት አንዲት እናት ስትነግረው አባት ሞረዱን አስቀምጦ፣ «ግን ለክተሽላቸዋል?» አላት፤ የምሩን ነበር። ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ፊቷን አዞረች። እሱ ሳቋን ብቻ ነው የሰማው። ከሄደች በኋላ እያፏጨ ዕቃውን ይሰበስባል። እሷ ደግሞ እቤቷ ገብታ እሑድን ሙሉ፣ አንዳንዴም ሰኞን ጨምራ፣ ሁለት ትራስ ደርባ ቁጭ ብላ ታነጋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አትቀርም።

ቀስቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው የተበላሸው። በዚያ ቅዳሜ ገመዱን አባት ያዘ፤ ልጅቷ ፈንጠር ብላ ቆመች።

«አባዬ፣ የቀኙ አብዝቶ ይጎብጣል» አለች። «ከግራው ቀንስለት።»

ገመዱን አላልቶ ካሊፐሩን አወጣ። የግራውን ክንድ በየስንዝሩ ለካ፤ የቀኙንም ለካ። ቁጥሩ ያው ነው።

«እኩል ናቸው» አላት።

«ውፍረታቸው እኩል ነው። የቀኙ ግን ደከም ይላል። እስቲ እዚህ ጋ ቆመህ እየው።»

«ልጄ፣ አንድ ጣውላ እኮ ነው። ከአንድ እንጨት የወጣ፣ እኩል የተላገ። አንዱን ከአንዱ ለምን ብዬ ነው የማሳንሰው?»

«ተው አባዬ፣ አትሳበው። እያየሁት ነው።»

«ሲሳብ ይለምዳል» አለና ሳበ።

ቀስቱ መጀመሪያ ስስ ድምፅ አሰማ። አባት ሽንጡን ገትሮ ጨመረበት። የቀኙ ክንድ ከመሃሉ ላይ ጧ ብሎ ሄደ፤ ስባሪው ተወርውሮ ግድግዳውን መታና ከመደርደሪያው ሥር ገባ። የግራው ክንድ ሳይነካ ቀረ።

አባት ገመዱን ለቀቀ። በዚያች ቅጽበት ሊላት የሚችለው ብዙ ነበር። አየሽው፣ አልሰማሁሽም፣ ይቅርታ፣ እንደገና እንጀምር፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃ ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን፣ «ጣውላው ነው፤ እንከን ነበረበት» የሚል ነው።

ልጅቷ ወርክሾፑ ውስጥ አውልቃው የማታውቀውን ጭንብል ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችው።

«ሁልጊዜ ጣውላው ነው አይደል፣ አባዬ?» አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቦርሳዋን አነሣች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠርጎ ጠበቃት፤ ቀረች። ሲደውልላት ሥራ በዝቶብኛል አለችው። ሌላም ቅዳሜ ጠርጎ ጠበቀ። በሦስተኛው ግን የመጣው ወንዱ ልጅ ነው። እሱም በአባቱ ሙያ ገብቶ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የቤት ዕቃ ይሠራል፤ እንጨት ጠፍሮ የሚይዝ ሞርሳ ሊዋስ ነበር አመጣጡ። አባቱን በአቧራ ደመና መሃል መጥረጊያ ይዞ ሲያገኘው በሩ ላይ ቆመ።

«ለማን ነው እንዲህ የምትጠርገው?»

«ለእህትህ። ምናልባት ብትመጣ ብዬ።»

«ስትመጣም ትጠርግ ነበር? ከመግባቷ በፊት?»

«በየቅዳሜው» አለ አባት፤ ምስጋና የጠበቀ ይመስላል።

ወንዱ ልጅ የተነባበረ በር ላይ ቁጭ አለና ግንባሩን በእጁ ያዘ። ከዚያ ሳይቆጣ፣ ሳያለሰልስም ነገረው። እሷን የሚጥላት የተነሣ ብናኝ መሆኑን፣ ከዚህ በወጣች ቁጥር አልጋ ላይ እንደምትውል፣ አንዱን ሰኞ እሱ ራሱ ደግፎ ሐኪም ቤት እንዳደረሳት ነገረው። አባት መጥረጊያውን ተደግፎ ሰማ።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አለ።

«ነግራሃለች እኮ። ያኔ ልጅ ሆና።»

ወንዱ ልጅ ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ ግን አንዴ ከጀመረ ወዲያ ሆዱ ውስጥ የቆየው ሁሉ ወጣ።

«እኔ እኮ ያኔ አልተበደልኩም ነበር፣ አባዬ። የእሷን ስሠራላት ደስ ይለኝ ነበር። የከፋኝ መስመሩን ያሰመርክ ቀን ነው።»

አባት አንድ ልጁን ላለማስቀየም ብሎ ሌላዋን ሲያስጨንቅ ኖሯል፤ ያ ልጅ ደግሞ ሊቀየም ቀርቶ ይፈልግ የነበረው እህቱን መርዳት ነው። ለማን ብሎ ነበር ያ ሁሉ? የዛሬ ስንት ዓመት ለተነፈገው ጫማ፣ ለእሱ ለራሱ። ይህን ሲያስበው መጥረጊያውን ጥሎ እሱም ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

«እንዲህ እየሆነች ለምን ትመጣ ነበር?» አለ።

«እኔም ጠይቄያት ነበር» አለ ወንዱ። «አንድ ቀን እንዴት እንደሆንኩ ይጠይቀኝ ይሆናል አለችኝ።»

አባት በማግስቱ ብቻውን ወደ መደብሩ ሄደ። ሠራተኛው አውቆት፣ «ዛሬስ ልጅዎ የለችም?» ቢለው አንገቱን ደፍቶ «የለችም» አለና እሷ እንዳስተማረችው መስመር መስመሩን እያየ አንድ ጣውላ መረጠ። ወርክሾፑ ውስጥ አልሠራውም፤ ጠረጴዛውን ግቢ አወጣ። ገመዱን የሚስብለት ሰው ስለሌለ፣ ለቁም ሳጥን ያዘጋጀውን ትልቅ መስታወት ከፊት ለፊቱ ግድግዳ አስደግፎ፣ ገመዱን ራሱ እየሳበ የቀስቱን አጎባበጥ በመስታወቱ ውስጥ ያይ ጀመር። አልጎብጥ ያለውን ክንድ ሞረደ። እንደገና ሳበ። እንደገና ሞረደ። ካሊፐሩን ሊያወጣ እጁ በልማድ ወደ ኪሱ ሲሄድ በርካታ ጊዜ ራሱን ያዘው። አንዱ ክንድ ከሌላው ግልጽ ሆኖ እየሳሳ ሲሄድ ሌባ የመሆን ያህል ተሰማው፤ ይሁን ብሎ ቀጠለ። ሲጎብጡ ግን ሁለቱ ክንዶች አንድ ሆኑ። እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ ደስታውን ግን የሚያካፍለው ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም።

ቀስቱን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። ገላውን ታጠበ፤ ወርክሾፕ ገብቶ የማያውቅ ልብስ ፈልጎ ለበሰ። በአውቶቡስ ወደ ሜዳው ሲሄድ የሚላትን ነገር ሁሉ በሆዱ ሲያዘጋጅ ነበር፤ ሲደርስ አንዱም አልቀረለትም።

ሜዳው ሰፊ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ከገለባ የታሰሩ ዒላማዎች ቆመዋል፣ በሌላው ጫፍ አግዳሚ ወንበሮች አሉ። ልጁን ከሩቅ ለያት። የተዋሰችው ቀስት ከብዷት፣ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ስታየው ደነገጠች፤ ወደዚህ መጥቶ አያውቅም። የያዘውን ቀስት ዘረጋላት።

ተቀብላ አገላበጠችው። ፍላጻ አስገብታ ሳበች፤ ቀስቱ ያለ ግብግብ ተከተላት። ለቀቀችው፤ ፍላጻው ሄዶ ዒላማው ዳር ላይ ተተከለ። ጣቶቿን በሁለቱ ክንዶች ላይ አስኬደች፤ አንዱ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«የግራው ይሳሳል» አለች።

«ይሳሳል። አልለካሁትም፤ አይቼ ነው የሠራሁት።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም ዓይኑን አላሸሸም፤ ማሸሽ ግን ፈልጎ ነበር።

«ትንፋሽሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ደኅና ነኝ» አለች፤ አፏ ለምዶት።

«ደኅና ነኝ በይኝ አላልኩም፣ እናቴ። ወንድምሽ ነግሮኛል፤ በመጥረጊያዬ ምን ሳደርግሽ እንደከረምኩ አውቄያለሁ። ያኔም ነግረሽኝ አልሰማሁሽም። አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

«ብዙ ነው እኮ፣ አባዬ።»

«ይሁን።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ቀስቱን ጭኗ ላይ አጋደመችው። እናቷ ከሞተችበት ዓመት ጀመረች። የኮላው ሽታ መኝታ ቤት ድረስ ሲመጣባት አንሶላ አፏ ላይ ጠቅልላ ትተኛ እንደነበር ነገረችው። ትምህርት ቤት ደረጃው መሃል ላይ ስትደክም የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር መስላ ቁጭ ትል እንደነበር፣ ልጆቹም ማሰሪያ ማሰር የማትችል ሞኝ አድርገዋት እንደነበር ነገረችው። ሳቅ ሳል ስለሚያመጣባት ቀልድ ሲወራ አስቀድማ ትወጣ ነበር። አርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነገ ቅዳሜ መሆኑን እያሰበች እርምጃዋን ታዘገይ ነበር። ይህን ሁሉ የምትናገረው ሳትቆጣ ነው፤ ለእሱ የከበደው ይኸው ነበር። አንዳንዴ «አላውቅም ነበር እኮ» ሊላት አፉን ይከፍትና ማወቅ ይችል እንደነበር ትዝ ሲለው መልሶ ይዘጋዋል። አንድ ቦታ ላይ እንባው መጣ፤ አላበሰውም፤ እሷም አይታ ቀጠለች።

ሌሎቹ ተጫዋቾች ፍላጻዎቻቸውን ነቃቅለው ሄዱ። የእሷ አንዷ ፍላጻ ብቻ ዒላማው ላይ ቀረች። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ወርዳ የሜዳው ጠባቂ ቁልፉን እያንቃጨለ መጥቶ በሩን ሊዘጋ እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ልጅቷ ገና አሥራ አንደኛ ዓመቷን እየተናገረች ነበር።